የበቀለውና የተተከለው

አማርኛ ተናጋሪ አንድ ዛፍ የዚህ ምድር ወገን መሆኑን መግለጽ ሲፈልግ «ሀገር በቀል» ይለዋል፤ ስለ ሰው ሲናገር ደግሞ «ተወላጅ» የሚለውን ቃል ይመርጣል። ሁለቱ ቃላት የተለያዩ ቢመስሉም የቆሙት በአንድ አሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም አንድ ፍጡር የየት እንደ ሆነ የሚወስነው መጀመሪያ የታየበት ቦታ ነው የሚለው ነው። ተቃራኒያቸውም አንድ ነው፤ «መጤ» ለሰውም ለዛፍም እኩል ይነገራል፣ ለሰው ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። መጤነት በነገሩ ውስጥ ያለ ጠባይ ነው ወይስ ነገሩን የሚያየው ሰው የሚለጥፈው ስም ነው የሚለው ጥያቄ የእጽዋት ሊቃውንት ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ የፍጥረትን ትርጉም የሚመረምር ሁሉ፣ የሃይማኖት መምህርም ይሁን ፈላስፋ፣ ሳይገጥመው አይቀርም። በአዲስ አበባ ይህን ጥያቄ ለማንሣት ልደታ የተመቸ ቦታ ነው፤ የሰፈሩ ስም ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «መወለዷ» ማለት በመሆኑ፣ ሰፈሩ የልደትን ነገር በመጠሪያው ይዞ ይኖራል። ለመመርመሪያ የሚመረጠው ዛፍ ደግሞ ዘንባባ ነው፤ በሆሣዕና ዕለት በምእመናን ራስና ጣት ላይ ይታያል፣ በመንገድ ዳርም ለጌጥ ይተከላል፣ ነገር ግን በራስ ላይ የሚታሰረውና በመንገድ ዳር የሚቆመው ብዙ ጊዜ አንድ ዛፍ አይደሉም።

ዘንባባ የሚለው ስም በአማርኛ ሰፊ ነው። በጥብቅ ትርጉሙ ሲወሰድ ሊቃውንት ፊኒክስ ሬክሊናታ የሚሉትን፣ በብዙ ቦታ ሰሌን ተብሎ የሚጠራውን ዛፍ ያመለክታል፤ ይህ ዛፍ በወንዝ ዳርና በእርጥብ ጫካ ጠርዝ የሚበቅል፣ ከአንድ ሥር ብዙ ግንዶችን አውጥቶ ወደ ውጭ የሚያጎነብስ፣ ፍሬው ከተምር ያነሰና ሥጋው የሳሳ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ሌላ በአብዛኛው ሞቃታማ አፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በደቡብ ዐረብ ምድር በተፈጥሮው ይገኛል። ቅጠሉ ተሰንጥቆ ሲታታ ሰሌን የሚባለውን ምንጣፍ ስለሚሰጥ የዛፉና የምንጣፉ ስም አንድ ሆኖ ቀርቷል። ተምርም የዚሁ ወገን ነው፤ ፊኒክስ በሚባለው ወገን ውስጥ ካሉት ዐሥራ አራት ያህል ዝርያዎች አንዱ ነውና። ሦስተኛው ወንድም ከአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ማዶ ካሉት የካናሪ ደሴቶች የመጣው ነው፤ አንድ ወፍራም ግንድ ብቻ ያለው፣ ራሱ እንደ ትልቅ ዣንጥላ የተዘረጋ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የዓለም ከተሞች ለአደባባይና ለጎዳና ማስጌጫ የወሰዱት፣ በአዲስ አበባም የታወቀ ነው። ሌሎች ከሩቅ የመጡ ዓይነቶችም በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት ከተተከሉት መካከል ይገኛሉ። መንገደኛው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ዘንባባ ይላቸዋል፤ ቋንቋው በዚህ ረገድ ከሊቃውንቱ ይልቅ እንግዳ ተቀባይ ነው።

ሊቃውንቱ ከትውልድ ቦታው ውጭ ስለሚገኝ ተክል ሲናገሩ ደረጃ ይለያሉ። ሰው ከትውልድ ቦታው አውጥቶ ያመጣው ተክል ሁሉ መጤ ነው፤ ከመጤዎቹ መካከል ግን አብዛኞቹ አትክልተኛ ካልተንከባከባቸው ዘር ሳይተኩ ያልቃሉ። ጥቂቶቹ ማንም ሳይተክላቸውና ሳያጠጣቸው ከወደቀ ዘር እየበቀሉ ትውልድ በትውልድ ሲተኩ «ተላማጅ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ተላማጅ ማለት እንግዲህ ከሰው እጅ ነጻ የወጣ መጤ ማለት ነው። ከተላማጆቹም ጥቂቶቹ ከወላጅ ዛፋቸው ርቀው በፍጥነት እየተስፋፉ ነባሩን ሲያፈናቅሉ «ወራሪ» የሚለውን ስም ያገኛሉ። ለጌጥ የተወሰዱ ዘንባባዎች ይህን መንገድ በብዙ ሀገር ተጉዘዋል። ከሁሉም ይልቅ የሚገርመው ግን የካናሪው ሳይሆን የሰሌን ታሪክ ነው፤ ይህ በኢትዮጵያ ወንዞች ዳር ሀገር በቀል የሆነ ዛፍ ለውበቱ ሲባል ወደ አሜሪካዋ ፍሎሪዳ ተወስዶ በሰው ግቢ ከተተከለ በኋላ፣ ዘሩ ከአጥር አልፎ በራሱ መብቀል በመጀመሩ፣ በዚያ ግዛት በተዘጋጀው የወራሪ ተክሎች ዝርዝር በሁለተኛው ምድብ ተመዝግቧል። በልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በሆሣዕና የሚባረከው የቅጠል ዓይነት በዚያ ቢበቅል የሚነቀል መጤ ነው።

ይህ አንድ እውነታ የጥያቄውን ግማሽ ይመልሳል። በኢትዮጵያ ነገረ መለኮት ትምህርት የባሕርይ ስምና የግብር ስም ይለያሉ፤ የባሕርይ ስም አንድ አካል በራሱ የሆነውን፣ ቦታና ጊዜ ቢለዋወጥም ከእርሱ የማይለየውን ሲያመለክት፣ የግብር ስም ግን የሚሠራውን ሥራ ይናገራል። ይህ መለያ የተበጀው ስለ እግዚአብሔር ለመናገር እንጂ ስለ ዛፍ አይደለም፤ ሆኖም ለዛፉ ነገር ሲውል ብዙ ያብራራል። ከአዋሽ ዳር የተለቀመ የሰሌን ዘርና ከፍሎሪዳ ረግረግ የተለቀመ የሰሌን ዘር በሥር፣ በቅጠል፣ በአበባና በፍሬ አንድ ከሆኑ፣ አንዱን ሀገር በቀል ሌላውን መጤ የሚያሰኝ ነገር በዘሩ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። መጤ እንግዲህ የባሕርይ ስም አይደለም። የግብር ስምም አይደለም፤ ዛፉ ባለበት ቆሞ ያፈራል እንጂ አልመጣምና፣ ያመጣው ሰው ነው። «ወራሪ» የሚለው የግብር ስም ሊሆን ይችላል፤ «መጤ» ግን ከሁለቱም ውጭ ሆኖ የአንድ ጉዞ ማስታወሻ ብቻ ነው፣ ያውም ተጓዡ ያላሰበው ጉዞ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። መጤነት በዛፉ ውስጥ ከሌለ፣ ሀገር በቀልን መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው ማለት ነውን? የጣና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች እንዲህ ያለውን ፍልስፍና በትዕግሥት የሚሰሙት አይመስልም። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በዓለም የተሠራጨው በአብዛኛው ለሐምራዊ አበባው ሲባል ነው፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፣ በ2011 ደግሞ በጣና መገኘቱ ተረጋገጠ፤ ከዚያ በኋላ የጀልባ መንገድ ዘግቶ፣ መረብ አስሮ፣ የውኃውን ዳር ለብሶ የደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው። እምቦጭ በተወለደበት ወንዝ ዳር የሚበሉት ነፍሳት፣ የሚገቱት ባላንጣዎች አሉት፤ በጣና ግን ያለ ከልካይ ቀረ። ጉዳቱ ስለዚህ እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን የጉዳቱ ምክንያት በእምቦጭ ባሕርይ ብቻም፣ በጣና ባሕርይ ብቻም አይገኝም፤ እምቦጭ ከሚገቱት ባላንጣዎች ጋር የነበረው ግንኙነት መቋረጡ ነው። ግንኙነት ደግሞ ከባሕርይ ያነሰ እውነት አይደለም። አባት መሆን በአንድ ሰው ብቻውን የማይገኝ፣ ልጅ ሲኖር የሚገኝ ነገር ቢሆንም፣ ማንም አባትነትን ስም ብቻ ነው አይልም።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ሲኬድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በግዕዙ ቁጥር 91ኛው፣ በሌላው ቁጥር 92ኛው የሆነው መዝሙረ ዳዊት ጻድቅን በሁለት ዛፍ ይመስለዋል፤ በግዕዝ በቀልት በሚባለው በዘንባባና በሊባኖስ ዝግባ። አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፤ እነዚህ ዛፎች በዱር የበቀሉ አይደሉም፣ በእግዚአብሔር ቤት የተተከሉ ናቸው ይላል፣ በዕብራይስጡ የገባውም ቃል ችግኝን ከአንድ ቦታ ነቅሎ በሌላ ቦታ መትከልን የሚያመለክት ነው። በመጀመሪያው መዝሙር በውኃ ፈሳሽ ዳር ያለው ዛፍም በዚሁ ቃል የተነገረ ነው። መዝሙረኛው የቅድስናን ምሳሌ ሲፈልግ ሀገር በቀሉን ሳይሆን ተዛውሮ የተተከለውን መርጧል ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ አሕዛብን በመልካሙ ወይራ ላይ በገባ የዱር ወይራ ሲመስል፣ ሥሩ ቅርንጫፉን እንደሚሸከም እንጂ ቅርንጫፉ ሥሩን እንደማይሸከም በማሳሰብ የገባውን ከትዕቢት ይጠብቃል፤ ነባሩም መጤውም የሚኩራሩበት ነገር አይተውም።

የአማርኛው ጠባይ ከዚህ ጋር ይስማማል፣ ምንም እንኳ ተናጋሪው ባያስተውለው። በቋንቋው የበቀለውም የተዘራውም ሁሉ በጥቅሉ የሚጠራበት ቃል «ተክል» ነው፣ ተክል ደግሞ የተተከለ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ትተከላለች እንጂ በቀለች አትባልም፤ ከሀገሪቱ ጻድቃን እጅግ የታወቁት ተክለ ሃይማኖት በስማቸው የሃይማኖት ተክል ናቸው። በሌላ በኩል «ሀገር በቀል» የሚለው ሐረግ ሲነገር በጆሮ ላይ ሌላ ቃል፣ የደም በቀል፣ ሊሰማ ይችላል። ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም፤ በግዕዝ የመብቀሉ ሥር በ«ቈ»፣ የመበቀሉ ሥር በ«ቀ» ይጻፋል፣ አማርኛ ግን ልዩነቱን ከጊዜ ብዛት አጥፍቶታል። ሐረጉ ከዛፍ ወደ ሰው ሲሻገር ሁለቱ ቃላት በሥራ መገናኘታቸው ያሳስባል።

የልደታም ታሪክ ራሱ ከተወላጅነት አሳብ ጋር አይገጥምም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ኢያቄምና ሐና ከሀገራቸው ወጥተው ወደ ሊባኖስ በሄዱ ጊዜ ማርያም በዚያ፣ በተራራ ሥር፣ ከቤት ውጭ ተወለደች፤ ግንቦት 1 ቀን የልደታ በዓል በብዙ ሰፈር ጎረቤት ተሰብስቦ ከደጅ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ የሚከበረውም ይህን በማሰብ ነው። በዓሉ በስሙ የልደት በዓል ቢሆንም የሚያስበው ከቤትና ከመንደር ርቆ፣ በእንግድነት የሆነ ልደትን ነው። የመወለድን ስም የያዘው ሰፈር መጠሪያውን ከመጻተኛ ልደት ወርሷል ማለት ነው፤ መጻተኛ ማለት በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ከሌላ ሀገር መጥቶ በሌሎች መካከል የሚኖር ሰው ሲሆን፣ ከ«መጤ» ጋር በትርጉም ቢቀራረብም የሚያስከትለው ግን ንቀትን ሳይሆን ግዴታን ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ መጻተኛውን እንደ ሀገሩ ልጅ መቁጠርን ያዛልና።

ዘንባባና እንግድነት በእስልምናም ትውፊት በአንድ ቦታ፣ ያውም በኢትዮጵያ ምድር ተገናኝተዋል። በቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱ መርየም፣ መርየም ምጥ በያዛት ጊዜ ከሰው ርቃ ወደ ተምር ግንድ እንደ ተጠጋችና ፍሬው እንደ ረገፈላት ተነግሯል። በእስልምና የታሪክ መጻሕፍት መሠረት በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመካ ተሰድደው ወደ ሐበሻ የመጡት ሙስሊሞች በንጉሡ በነጃሺ ፊት በቀረቡ ጊዜ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ የዚህኑ ሱራ መጀመሪያ አነበበላቸው፣ ንጉሡም አለቀሱ፣ ስደተኞቹንም አሳልፈው አልሰጡም። ከዘንባባ ሥር የወለደችው እናት ምዕራፍ በስደተኛ አፍ፣ በሰው ሀገር፣ በኢትዮጵያ ንጉሥ ፊት ተነበበ።

የሆሣዕናው ቅጠል ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ሕዝቡ ምን ይዞ እንደ ተቀበለው ወንጌላውያኑ በአንድ ቃል አልጻፉም፤ ማቴዎስና ማርቆስ ከዛፍና ከሜዳ የተቆረጠ ቅርንጫፍና ቅጠል ሲሉ፣ ሉቃስ ስለ ልብስ እንጂ ስለ ቅጠል አይናገርም፣ ዘንባባን በስሙ የሚጠራው ዮሐንስ በ12ኛው ምዕራፍ ብቻ ነው። የይሁዳ ምድር ዘንባባ ደግሞ ተምር ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ምእመናን ቀለበትና መስቀል አድርገው የሚታቱት፣ በራሳቸው የሚያስሩት ሰሌን ለዚህ ምድር ሀገር በቀል ቢሆንም ለወንጌሉ ታሪክ ግን እንግዳ ነው፤ የወንጌሉ ተምር ወንድም ሆኖ በእርሱ ቦታ የቆመ ምትክ ነው። በሰሜን አውሮፓ ዘንባባ ስለማይበቅል በዚሁ ሰንበት የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ይያዛል፤ በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ያሉበት ምድር በሚሰጣቸው ቅጠል ያከብራሉ። ሀገር በቀል ያልሆነ ዘንባባ ለሆሣዕና አይገባም የሚል ሰው ቢገኝ፣ ክርክሩን እስከ መጨረሻው ቢወስደው ሰሌንን ራሱን ከደጀ ሰላም ሊያስወጣ ይገደዳል። ሥርዓቱ የሚጠይቀው የዝርያ ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ቅጠሉ የሚያመለክተውን ነው። በዮሐንስ ራእይ 7ኛው ምዕራፍ ዘንባባ በእጃቸው ይዘው የቆሙት ከሕዝብና ከቋንቋ ሁሉ የተሰበሰቡ መሆናቸውም እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባል።

በጓዳም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አድኗታል ይባላል፤ ስሙ እስከ ዛሬ ባሕር ማዶነቱን ይናገራል፣ የሚያስታውሰው ግን የለም። በቆሎም የባሕር ማሽላ ይባል ነበር። ከአሜሪካ ምድር የወጣው በርበሬ ግን የባሕር የሚል ቅጽል እንኳ አልተረፈለትም፤ የፋሲካን ዶሮ ወጥ ያለ እርሱ የሚያስብ ስለሌለ መጤ ብሎ የሚጠራው ደፋር አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሲባል ዛፍን ለሰው ምሳሌ ማድረግ ድንበር አለው። ስለ ተክል «ወራሪ» የሚለው ፍርድ የሚሰጠው በዝርያው ላይ ነው፤ አንዱ እምቦጭ ከሌላው ተለይቶ ሊማር አይችልምና። ሰው ግን በግብሩ የሚጠየቅ፣ ቃል የሚገባና ቃሉን የሚጠብቅ ወይም የሚያፈርስ እንጂ በዝርያ የሚፈረድበት ፍጡር አይደለም። ልደታ የሰውን መጤነት በየዘመኑ አይታለች፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርና ለብዙ እንግዳ የከተማይቱ በር ይህ ሰፈር ነበረ፤ ከዚያም ነባር ነዋሪዎች ከአሮጌ ቤቶቻቸው ተነሥተው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በቆሙ ጊዜ፣ ነባሩ ሄዶ መጤው ገባ። «ነባር» የሚለው ቃል እንኳ ከዚያ ወዲህ ማንን እንደሚያመለክት ለመናገር ያስቸግራል።

ከልደታ አጠገብ ያለው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የጣልያንን ወረራ አልቀበልም በማለቷ በተሰጠ ምስጋና ነው፤ የዚያች ሀገር ዋና ከተማም ስለ ዘንባባ የምታስተምረው ነገር አላት። በሜክሲኮ ሲቲ ትልቁ ጎዳና ላይ ብቻውን ቆሞ የኖረ አንድ የካናሪ ዘንባባ አደባባዩ በስሙ እስኪጠራ ድረስ ተወድዶ ነበር፤ በበሽታ ደርቆ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲነሣ ሕዝቡ ተጠይቆ በቦታው የሀገሩ ብሔራዊ ዛፍ የሆነው አውዌውዌቴ ተተከለ፤ ሀገር በቀሉ ግን ሳይጸድቅ ቀርቶ በዓመቱ ሌላ መተካት አስፈለገ። በስዊዘርላንድ ደቡብ በቲቺኖ ደግሞ በተቃራኒው ሆነ፤ ከቻይና ለጌጥ የመጣው ዘንባባ የአካባቢው መለያ ምልክት ሆኖ በፖስት ካርድ ሲታተም ኖሮ፣ ወፎች ዘሩን ወደ ጫካው እያስገቡት ስለ ተስፋፋ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ሽያጩ ተከለከለ። ሁለቱ ታሪኮች ሲነጻጸሩ ፍቅር መጤውን የሀገር ልጅ ሊያደርገው እንደሚችል፣ ፍቅር ብቻውን ግን ጫካውን እንደማይጠብቅ ይታያል።

የአዲስ አበባ የጎዳና ዘንባባም ሊጠየቅ የሚገባው የመጣበትን ሀገር ሳይሆን የሚሰጠውን ነው፤ በዚህ መለኪያ ብዙ ማሞገስ አይቻልም። በሚያዝያ ፀሐይ ለእግረኛ የሚጥለው ጥላ ከአንድ ዋንዛ ወይም ግራር ጥላ ጋር አይወዳደርም። ከሰሌን አጠገብ የሚተከለው ካናሪ ደግሞ የአንድ ወገን ዝርያዎች በቀላሉ የሚዳቀሉ በመሆናቸው፣ ዲቃላው ሀገር በቀል ይባል መጤ የሚል አዲስ ክርክር ሊያስከትል ይችላል። የእነዚህ ዘንባባዎች ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው፤ ወንዱ በአቅራቢያ ካለ ሴቲቱ ዛፍ ብርቱካናማ ፍሬዋን በዘለላ ታወርዳለች፣ ፍሬውም በግንዱ ሥር በንጣፍ ድንጋይ ላይ ይረግፋል። ዘሩ ከንጣፉ ስንጥቅ ገብቶ ቢበቅልና ችግኙ ማንም ሳይነካው አድጎ ቢያፈራ፣ ልጁም ልጅ ቢወልድ፣ ሊቃውንቱ ተላማጅ ብለው ይመዘግቡት ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው ሕግም ሃይማኖትም አይደለም፤ ፀሐይ ሳይወጣ መንገዱን የምትጠርገው ሴት ናት፣ የወደቀውን ፍሬ ከአቧራውና ከቅጠሉ ጋር በአንድ አፍሳ ወደ ጋሪዋ የምትጨምረው።